ስም ወራሹ ድንች

ገበያ ወጥቶ «ድንች» ያለ ሰው የሚመዘንለት ዘሩ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች የመጣው ነው። «የወላይታ ድንች» ወይም «የኦሮሞ ድንች» ያለ ደግሞ ቀጠን ብሎ የረዘመ፣ ጣት የመሰለ ሌላ ነገር ይቀርብለታል። ሁለቱ አይዛመዱም። አንዲሳዊው የቲማቲምና የእምቧይ ወገን ነው፤ ሌላው የበሶብላና የጦስኝ። አገር በቀሉ ይኸው ሁለተኛው ነው። ሆኖም ቅጽል ተሸክሞ የቀረው እሱ ሲሆን፣ በባዶው ስም የሚጠራው እንግዳው ነው።

ለ«ድንች» የግዕዝ ሥር መፈለግ ድካም ነው። የቃሉ ዘመዶች ኦሮምኛው «ዲኒቻ» እና ትግርኛው «ድንሽ» ናቸው። ባሕር ማዶ የበቀለውን ድንች በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ያስገባው፣ ትግራይ ውስጥ ኖሮ አድዋ ላይ የሞተው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይጻፋል። እንግዳው ሲደርስ ስም ተሰናድቶ ጠበቀው። ሥሩ ከአፈር ይቆፈራል፣ ተቀቅሎ ይበላል፤ ይህን የመሰለ ነገር «ድንች» ነው። ከዚያ በዛ፣ ረከሰ፣ ከተማ ገባ። ባለቤቱ በገዛ ስሙ ላይ ያገሩን ስም ካልጨመረ የሚያውቀው ጠፋ።

ይህ የስም ቅሚያ የኛ ብቻ አይደለም። ስፔኖች ካሪቢያን ሲደርሱ ከታይኖዎች «ባታታ»ን ሰሙ፤ እሱ ስኳር ድንች ነበር። ፔሩ ሲዘልቁ ከኬቿ ተናጋሪዎች «ፓፓ»ን አገኙ፤ ይኸኛው የኛው ድንች ነው። ሁለቱ ስሞች በስፔን አፍ ተዳቀሉና «ፓታታ» ወጣ። እንግሊዝኛ «ፖቴቶ»ን የወሰደው ከ«ባታታ» ነው፤ ቃሉ መጀመሪያ የስኳር ድንች ነበር፤ በኋላ ግን አንዲሳዊው ወረሰውና የፊተኛው «ጣፋጭ» የሚል ቅጽል ጨምሮ እንዲጠራ ተገደደ። የተፈናቀለው የስኳር ድንች ወላይታ ካለው ባልንጀራው ጋር ቢገናኝ የሚያወሩት አያጡም ነበር። ፈረንሳይ ግን ከማንም ስም አልቀማችም፤ «ፖም ደ ቴር»፣ የምድር ፖም፣ አለችው። ዕብራይስጡም በዚያው መንገድ «ታፑዋሕ አዳማ» ይለዋል። «ታፑዋሕ» ከኛ «ቱፋህ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ «አዳማ» አፈር፣ የአዳም ስም ዘመድ። (የከተማችን አዳማ ኦሮምኛ ነው፤ አይምታታ።) እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በየሱቁ የሚሰሙት «ታፑድ» የዚሁ ምሕፃር ነው።

የዚህ ድንች ነገር የተነሣው ከቁርስ ነው። አሜሪካኖች ከዕንቁላሉ ጎን የሚያቀርቡት፣ ተከትፎ፣ ቅመም ተነስንሶበት፣ ላዩ እስኪደርቅ የተጠበሰ ድንች አለ፤ «ሆም ፍራይስ» ይሉታል። አሁን አሁን ይህን ምግብ በ«ኤር ፍራየር» መሥራት ተለምዷል፤ የኛም ሰው እዚያም እዚህም ማሽኑን ገዝቷል። እኔን የያዘኝ ስሞቹ ናቸው።

«ቁርስ» የተገኘው ከ«ቆረሰ» ነው። «ቁራሽ»ም ከዚያው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው ሰ ሸ ሆናለች፤ ይህችን ለውጥ አንባቢ ያቆያት፣ ኋላ ትመለሳለች። ግዕዝ እንጀራ ወይም ኅብስት ለመቁረስ የሚጠቀመው «ፈተተ»ን ነው፤ የቅዳሴው «ጸሎተ ፈትቶ» ከዚያ ነው። አማርኛ «ፈተተ»ን ደጋግሞ «ፈተፈተ» አደረገው፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የምንበላው ፍትፍት የጸሎቱ የቅርብ ዘመድ ነው። እንግሊዝኛው ቁርስ ዳቦን ሳይሆን ጾምን ይሰብራል። ዐረብኛውም እንዲሁ፤ ባሕረ ሰላጤው አገር ሠርተው የተመለሱ ሁሉ የሚያውቁት «ፉጡር» ከ«ፈጠረ» የመጣ ነው። ዐረብኛው «ፈጠረ» ሰነጠቀም፣ ፈጠረም ማለት ነው። ኢድ አል-ፈጥርና «ፈጣሪ» በአንድ ሥር ላይ የተቀመጡ ናቸው። ለአማርኛው ከሁሉ የሚቀርበው ግን የጀርመኑ «ፍሩሽቱክ» ይመስለኛል፤ ትርጉሙ «የማለዳ ቁራሽ» ነውና።

ወደ ሥራው። ድንቹ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ይከተፋል። «ከተፈ» ከዚህ ላይ ያለ ጠብ ያገለግላል፤ የ«ክትፎ» እናት መሆኑን ማንም ያውቃል። አሜሪካኖቹ ከሆም ፍራይስ ጎን የሚያቀርቡት «ሃሽ» ደግሞ ከፈረንሳይኛው «አሼ»፣ ከተፈ፣ ወርዷል፤ ያም ከ«አሽ»፣ መጥረቢያ። በሁለት አህጉር ያለ ወጥ ቤት ለሥጋም ለድንችም አንድ ዓይነት ስም ሰጠ። የተከተፈው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ከሥር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ስታርች ነው፤ እሱ ካልተወገደ ቁራጮቹ ይጣበቃሉ። ከዚያ በጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል። እርጥብ ድንች ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ቀጥሎ ዘይት። ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። «ዘይት» በግዕዝም በዕብራይስጥም በዐረብኛም አንድ ነው፤ ነገር ግን በመነሻው የማንኛውም ዘር ቅባት አልነበረም። ዕብራይስጡ «ዛይት» ዛሬም ወይራ ራሱ ነው። «ደብረ ዘይት» የወይራው ተራራ እንጂ የዘይት ፋብሪካ ተራራ አይደለም። እኛ ዘንድ የሚጨመቀው ኑግ ስለነበር ቃሉ ከወይራው ተላቆ ለሁሉም ዘር ሆነ። ውጤቱን ልብ በሉ፤ የሱቁን ጠርሙስ አንሥተን «የወይራ ዘይት» እንላለን። ወይራው በገዛ ስሙ ላይ ቅጽል ተጨመረበት። ሁለተኛው የወላይታ ድንች ይኸውላችሁ።

ዘይቱ አይፈስም፤ ይቀባል። ግዕዙ «ቀብአ» ነው፤ «ቀብዐ» ብለው የሚጽፉም አሉ። «ቅብዐ ቅዱስ»፣ «ቅባ ኑግ»፣ «ቅባት»፣ «ቅቤ» ሁሉ የዚያ ልጆች ናቸው። መሲሕ ማለትም የተቀባ ማለት ነው። ድንችን ዘይት መቀባት እንግዲህ በጣም ከፍ ካለ ግስ ጋር ያዛምዳል፤ ወጥ ቤት ግን ደረጃ አይቆጥርም።

ቅመሙን ግዕዝ «ቀመመ» ይለዋል፤ መድኃኒት ቤት የቆመውም «መድኃኒት ቀማሚ» ነው። ጨው ከግዕዙ «ፄው» ነው፤ ፀ ወደ ጨ መዞሯ የተለመደ ነው። «ጨዋ» ከጨው የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ያማረ ነገር ነው፣ እውነት ግን አይደለም። «ጨዋ» የ«ፄዋ»፣ የምርኮ፣ ዘመድ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ጦር ጭፍሮች «ጨዋ» ይባሉ ነበር፣ ከዚያ ወደ ባለ ማዕረግ፣ ከዚያ ወደ ሥነ ምግባር ወጣ። ጨው በዚህ መንገድ ላይ አልነበረበትም።

በርበሬውስ? ሦስተኛው ስም ወራሽ እሱ ነው። በርበሬ ዘሩ የአሜሪካ ነው፤ ከድንች ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። የ«በርበሬ» ድምፅ ግን ከአሜሪካ ምንም የለበትም፤ የሚቀርበው ለግሪኩ «ፔፔሪ» ነው፤ ያም ከሕንድ «ፒፓሊ» የተነሣ የጥቁሩ ፍሬ ስም ነበር። ዛሬ ጥቁሩን ፍሬ ምን እንለዋለን? «ቁንዶ በርበሬ»። ስሙን ለቀዩ አስረክቦ ቅጽል ተቀበለ። አንድ ሳህን የቁርስ ድንች ስናቀርብ ድንቹ፣ ዘይቱ፣ በርበሬው ሦስቱም የሌላ ሰው ስም ለብሰው ነው የሚቀርቡት።

በርበሬውን ግን ከመጀመሪያው አትጨምሩ። ጨውና ነጭ ሽንኩርት ዱቄት ቀድመው ይግቡ፤ በርበሬው ሊወጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው። ቀድሞ ከገባ በ200 ዲግሪ ሙቀት ያራል፣ ይመራል። «አረረ» የግዕዙ «ሐረረ» ነው፤ ሐ ስትሳሳ አ ቀረች፤ «ሐሩር» ግን ሐዋን አልጣለችም።

አሁን ማሽኑ። የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ በ2010 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ «ኤርፍራየር» ብሎ አቀረበው። «ኤር» እና «አየር» አንድ እናት አላቸው፤ የግሪኩ «አኤር»። ወደ ግዕዝ «አየር» ሆኖ ገባ፣ ወደ ላቲን ገብቶ በፈረንሳይ በኩል እንግሊዝኛ ደረሰ። ስለዚህ «ኤር» የሚለውን ስንሰማ የገዛ ቃላችንን የአክስት ልጅ እያስተናገድን ነው። (በነገራችን ላይ «የአየር ንብረት» ውስጥ ያለው «ንብረት» ሀብት አይደለም፤ የግዕዙ ነባር ትርጉም «አኗኗር፣ ሁኔታ» ነው፣ «ነበረ» እንዳለው።)

«ፍራየር» ላቲን ነው። «ፍሪጎ»፣ እጠብሳለሁ፤ በፈረንሳይ «ፍሪር»፣ በእንግሊዝኛ «ፍራይ»። ላቲን ሌላ ግስ ነበረው፣ «ፍሪጌኦ»፣ እበርዳለሁ፤ የኛ «ፍሪጅ» ከዚያ ወገን ነው። የሁለቱ ግሶች አርእስት «ፍሪጌሬ» ተብሎ ይጻፋል፤ የሚለያዩት አንዷን አናባቢ በማስረዘምና በማሳጠር ብቻ ነው፣ ሮማውያን ደግሞ ርዝመትን እንደ ደንብ አይጽፉም ነበር፤ እኛ የቃላችንን መጥበቅና መላላት እንደማንጽፈው። ድንቹን ከፍሪጅ አውጥቶ ፍራየር ውስጥ የሚያስገባ ሰው ሁለቱን መንታ መሳይ ባዳዎች እያገላበጠ ነው።

አማርኛም ይህን የመሰለ ወጥመድ አለው። «ቆላ» ግሱ ከግዕዙ «ቀለወ» ነው፤ የጠፋችው ወ ቀ ላይ ተጭና ቆ አድርጋታለች። «ቆሎ»ም ከዚያው፤ ዕብራይስጡ «ቃሊ» የተቆላ እህል ነው፣ ዐረብኛው «ቀላ» ጠበሰ፤ «አልካሊ» የሚባለው የኬሚስቶች ቃልም ከዐረብኛው «አል-ቀሊ»፣ ከተቃጠለ ተክል ዐመድ፣ የወጣ ነው። የአገር ክፍሉ «ቆላ» ግን ሌላ ነው። ሞቃት ስለሆነ የሚቆላ ይመስላል፤ ነገር ግን እሱ ግዕዙ «ቈላ»፣ ሸለቆ፣ ነው። ሙቀቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው።

እና ማሽኑ ምን ያደርጋል? በስሙ ጠባሽ ቢባልም በእንግሊዝኛው ልማድ ውሸታም ነው፤ ዘይት ውስጥ የሚነከር ነገር የለም። ከላይ የሚግል ሽቦ አለ፣ ከበላዩ ማራገቢያ፤ ማራገቢያው ትኩሱን አየር በቅርጫቱ ቀዳዳዎች እየነዳ የድንቹን ላይ ያደርቀዋል። ከደረቀ በኋላ ስኳሮቹና ፕሮቲኖቹ ይዋሃዱና ይጠቁራሉ፤ ይህን ውህደት ፈረንሳዊው ኬሚስት ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። የምንጠብቀው ቀለም «ቡናማ» ነው። ቃሉን አስተውሉት፤ ጥሬ ቡና አረንጓዴ ነው። ያለ ቆሊ ቡናማ የሚባል ቀለም የለም።

አማርኛው «ጠበሰ» ግን ማሽኑን ከውሸት ያድነዋል። ሥጋ በፍም ይጠበሳል፣ ዓሣ በዘይት ይጠበሳል፣ በቆሎ እሳት ዳር ይጠበሳል፤ ግሱ ዘይት አይጠይቅም፣ የሚሻው ደረቅ እሳት ነው። ግዕዙ «ጥቡስ»ም ለፋሲካው በግ የሚነገረው ያለ አንዳች መጥበሻ ነው። እሳት የነካው ቆዳ «ጠባሳ» ይዟል። የከተማው ልጅ ደግሞ ሴት «ጠበሰ» ይላል፤ ይህን አስረዳ ብትሉኝ ቀልድ ከመፍጠር ሌላ ምንም የለኝም።

ስሙን አማርኛ ብናደርገው ምርጫችን ሁለት ነው። የእንግሊዝኛው «-ኧር» ሠሪውንም መሣሪያውንም ይጠራል። አማርኛ ይለያቸዋል፤ «ጠባሽ» የሚጠብሰው ሰው፣ «መጥበሻ» የሚጠበስበት ዕቃ፤ በሁለቱም ያቺ ያቆየናት ሰ ሸ ሆናለች። «የአየር መጥበሻ» ስለዚህ ትክክል ነው፣ ግን ሰው «ኤር ፍራየር» ማለቱን አይተውም፤ አሮጌው መጥበሻ ስሙን በሕግ ይዞታልና። ይህ ራሱ የሚገርም ነው፤ እስካሁን ባየናቸው ሁሉ እንግዳው አሸንፎ ነበር። አንድ ቀን ማሽኑ በባዶው «መጥበሻ» ቢባልና የእናቶቻችን ዕቃ «የምድጃ መጥበሻ» ሆኖ ቢቀር ግን አልደነግጥም።

ወደ ድንቹ እንመለስ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጥበስ፣ መሐል ላይ ቅርጫቱን አውጥቶ መነቅነቅ። ሲወጣ ምን ይባላል? ሰዉ «ክሪስፒ» ይላል። ላቲኑ «ክሪስፑስ» ጥቅልል ጠጉር ነበር፤ እሳት ያገኘው ነገር ይጠቀለላል፣ የተጠቀለለው ይሰበራል፣ ትርጉሙ በዚህ ወደ ጥርስ ዞረ። አማርኛ ለዚህ ቅጽል ከመፈለግ ግሱን ይመርጣል፤ «ቆረጠመ»። ቆሎ ይቆረጠማል፣ አጥንት ይቆረጠማል፣ የዚህ ድንች ጠርዝም ይቆረጠማል። «ቆረሰ»፣ «ቆረጠ»፣ «ቆረጠመ»፤ ቀና ረ በተገናኙበት ሁሉ የሚነጠል ነገር ያለ ይመስላል፤ «ቁርስ» ከዚያ ሰልፍ ግንባር ላይ ነው። ከኋላ ደግሞ «ቁርጥማት» ቆሟል፤ እሱ የሚቆረጥመው ድንች ሳይሆን መገጣጠሚያ ነው።