መርከቧን ያቃጠሉ አዛውንቱን ረሱ

እ.ኤ.አ. በ1927 ደራሲዋ ዞራ ኒል ኸርስተን አፍሪካታውን ደረሰች። አፍሪካታውን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በአንዷ፣ በአላባማ፣ ከሞቢል ከተማ በስተሰሜን የምትገኝ የወንዝ ዳር መንደር ናት። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንድ አዛውንት፣ በአገራቸው ወግ፣ ከክብ ሳህን በእጃቸው ቁርሳቸውን ይበላሉ። ሰፈሩ ኩጆ ሉዊስ ይላቸዋል። እሷ እናታቸው ባወጡላቸው ስም «ኮሶላ» ብላ ስትጠራቸው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው ካጡ ቆይተዋል።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ኮክ፣ ሌላ ቀን ሐብሐብ ይዛ ትመጣ ነበር። ማውራት ሲያሰኛቸው ያወራሉ፤ ሐዘን ሲጫናቸው ዝም ይላሉ። እሷም አታስቸኩላቸውም።

ኮሶላ የተወለዱት በዛሬዋ ቤኒን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሳሉ የዳሆሚ መንግሥት ሠራዊት ጎሕ ሳይቀድ መንደራቸውን ወረረ። ከግድያው የተረፉት በዊዳ ወደብ በረት ታጎሩ። በ1860 ካፒቴን ዊልያም ፎስተር ኮሶላን ጨምሮ 110 ያህል ሰዎች ገዝቶ «ክሎቲልዳ» በተባለች መርከብ ጫናቸው። ባሪያ ከባሕር ማዶ ወደ አሜሪካ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ የተከለከለ፣ በኋላም በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። ስለዚህ አላባማ ሲደርሱ ምርኮኞቹን በሌሊት አውርደው ረግረግ ውስጥ ደበቋቸው፤ መርከቧንም አቃጥለው አሰጠሟት።

ከአምስት ዓመት ገደማ ባርነት በኋላ፣ በሚያዝያ 1865፣ ኮሶላ በወንዝ ጀልባ ላይ በሥራ ላይ ሳሉ፣ ዳር ቆመው ከዛፍ እንጆሪ እየቀጠፉ የሚበሉ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ወገን ወታደሮች «ነጻ ናችሁ» አሏቸው። ወዴት እንሂድ ለሚለው ጥያቄ ግን ወታደሮቹ መልስ አልነበራቸውም።

ነጻ የወጡት ሰዎች ወደ አገር መመለሻው ገንዘብ አልሞላ አላቸው። ያስመጣቸውን ባለጸጋ ቲሞቲ ሜኸርን ለልፋታቸው መሬት እንዲሰጣቸው ጠየቁት፤ እምቢ አለ። ወንዶቹ በእንጨት መሰንጠቂያ ተቀጠሩ፣ ሴቶቹ አትክልት ቸረቸሩ፤ ከአፋቸው ቆጥበው አፍሪካታውንን የመሠረቱበትን መሬት ገዙ። የራሳቸውን አለቃና ዳኞች ሰየሙ፣ በ1872 ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። ኮሶላም አቢሌን አግብተው ስድስት ልጆች ወለዱ። በ1902 ባቡር ገጭቷቸው ከባድ ሥራ ሲያቅታቸው የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂና ደወል ደዋይ ሆኑ። ሚስታቸውንና ስድስቱንም ልጆቻቸውን አጡ። እሳቸው ያረፉት በ1935 ነው።

ኸርስተን ጽሑፏን በ1931 ብትጨርስም፣ አሳታሚ የአዛውንቱን አነጋገር ወደ መደበኛ እንግሊዝኛ ካልቀየርሽ አላት። አልቀየረችም። መጽሐፉ «ባራኩን» በሚል ርእስ የታተመው በ2018 ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2019፣ በሞቢል ወንዝ ጭቃ ውስጥ የተገኘው ስብርባሪ የክሎቲልዳ መሆኑ ተረጋገጠ። ወንጀሉን ለመሰወር በእሳት ያጠፏት መርከብ፣ ኮሶላ በቃላቸው ይዘው ላቆዩት ታሪክ ምስክር ሆነች።

ኸርስተን ፎቶ ላንሳዎት ስትላቸው ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ምርጥ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ጫማቸውን ግን አውልቀዋል። አፍሪካ ያሉ መስለው መታየት ፈልገው ነው። ከዚያም በባዶ እግራቸው፣ በሚስታቸውና በልጆቻቸው መቃብር መካከል ቆሙ።