ጓዳ፦ ለ«ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት» የሚሆን ስም

አሶሳ ላይ ማንጎ የሌለበት ግቢ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ዛፉ ለከተማዋ ጥላም ገቢም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ፣ ከዚያ በፊት በአገሩ ያልታወቀ ነጭ ቅርፊት ለባሽ ተባይ በማንጎ ቅጠል ላይ ተገኘ። ከውጭ ከገባ ችግኝ ጋር እንደመጣ ይታመናል፤ ውሎ አድሮም ወደ ምዕራብ ዘልቆ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደረሰ። ችግኙን ያስመጣው የፈለገው ጥሩ ማንጎ ነበር። አብሮ የሚገባውን አላሰበበትም።

ፕሮግራም ሲጫንም እንዲሁ ነው። የፓይተን ኮድ አሰላለፍን የሚያስተካክለው «ብላክ» የተባለ ትንሽ የኮማንድ ላይን መሣሪያ አለ። ሲጫን ብቻውን አይመጣም፤ ሥራውን የሚያግዙ ሌሎች ፓኬጆችን አስከትሎ ይገባል። «ዲፔንደንሲ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አንዳንዱ «ጥገኛ» ብሎ ሲተረጉማቸው እሰማለሁ፤ ነገሩን መገልበጥ ነው። ጥገኛውማ መሣሪያው ነው፤ እነርሱ የሚደገፍባቸው ናቸው። «አጋዥ» ብንላቸው ይሻላል።

አጋዦቹ ደግሞ ቨርዥን አላቸው፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ላፕቶፕ የሚጋሩ ሁለት ተማሪዎች እንበል። የአንዷ የመመረቂያ ሥራ የአንድን አጋዥ አሮጌ ቨርዥን ይፈልጋል፤ የሌላው አዲሱን። ፓይተን በአንድ ማስቀመጫ ውስጥ ከአንድ ፓኬጅ አንድ ቨርዥን ብቻ ነው የሚይዘው። እሱ ማታ አዲሱን ሲጭን የእሷ አሮጌው ይነቀላል። ጠዋት ፕሮግራሟን ስታስነሳ ትናንት ደህና የነበረው እምቢ ይላታል፤ እሷ ግን አንዲት መስመር አልነካችም።

መድኃኒቱ ለየሥራው የተለየ ማስቀመጫ መስጠት ነው፤ ስሙም ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት። «ምናባዊ አካባቢ» የሚለው ትርጉም ቃሉን በቃል ያስቀምጣል እንጂ ነገሩን አይነግርም። በምናብ ያለ ነገር አይደለማ! ዲስክ ላይ የተቀመጠ፣ በሜጋባይት የሚለካ ፎልደር ነው። «አካባቢ» ሲባልም ጆሮ የሚሰማው ሰፈርን ወይም ደን ጥበቃን ነው። «የተነጠለ ከባቢ» በትርጉም ደረጃ ልክ ነው፤ ግን ላብራቶሪ ውስጥ ጓደኛውን «የተነጠለ ከባቢህን ክፈትልኝ» የሚል ሰው አላውቅም።

እኔ «ጓዳ» እላለሁ። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ቢኖር የውጭ በሩና ውኃው የጋራ ነው፤ ጓዳው ግን የየራስ ነው። የአንዷ በርበሬ ከሌላዋ ሽሮ ጋር አይቀላቀልም፤ አንዷ ዕቃ ስትቀይር የሌላዋ መደርደሪያ አይነካም። ኮምፒውተሩ ግቢው ነው፤ ሜሞሪውም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም የጋራ ናቸው። አጋዦቹ ግን በየጓዳው ይቀመጣሉ።

አሠራሩ ከስሙ ይቀላል። ኢያን ቢኪንግ እ.ኤ.አ. በ2007 «ቨርቹዋልኤንቭ» የተባለውን ፕሮግራም ሠራ፤ ከ2012ቱ ፓይተን 3.3 ጀምሮ ደግሞ ተመሳሳይ መሣሪያ «ቬንቭ» በሚል ስም ከፓይተኑ ጋር አብሮ ይመጣል። ጓዳ ሲከፈት ፓይተን አንድ ፎልደር ያበጃል፤ ውስጡ ወደ ዋናው ፓይተን የሚወስድ መንገድ፣ የአጋዦች ማስቀመጫና አንዲት አጭር የቅንብር ፋይል አሉ። «አክቲቬት» ማድረግም ምሥጢር የለበትም። ተርሚናሉ ትእዛዝ ሲሰጠው የት የት እንዲፈልግ የሚነግረው የአድራሻ ዝርዝር አለው፤ የጓዳው አድራሻ ከዚያ ዝርዝር ፊት ይቀመጣል፤ በቃ። ስለዚህ «አክቲቬት»ን «ጓዳ መግባት»፣ «ዲአክቲቬት»ን «ከጓዳ መውጣት» ብንል ምንም አይጎድልም።

ሁልጊዜ ግን መግባት አያስፈልግም። የማይክል ጋሰር «ሆርንሞርፎ» የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን ወደ ሥርና ቅጥያ የሚበትን የፓይተን ሥራ ነው። በራስ ፕሮግራም ውስጥ ተጠርቶ የሚሠራ ስለሆነ እሱን የሚጠቀም ሰው ጓዳ ገብቶ ይሠራል። ብላክን የመሰለ መሣሪያ ግን ከየትኛውም ፎልደር በስሙ መጠራት አለበት። ለዚህ «ፒፕኤክስ» አለ፦ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ጓዳ ይከፍትና የትእዛዙን ስም ብቻ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ጓዳው መስኮት ተከፈተለት ማለት ነው፤ እንጀራው በመስኮት ይወጣል፣ ምጣዱ እዚያው ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የሊኑክስ ሥርጭት፣ ዴቢያን 12፣ በጓዳ መሥራትን ከምክር ወደ ደንብ አሳደገው። ሊኑክስ የራሱን አንዳንድ ሥራ በፓይተን ስለሚሠራ፣ ተጠቃሚው በፓይተን የፓኬጅ መጫኛ በ«ፒፕ» የሚጭነው ፓኬጅ የሲስተሙን አጋዥ ሊያበላሽ ይችላል። አሁን በዋናው ፓይተን ላይ ፒፕን ያዘዘ ሰው «ይህ ቦታ በሌላ ይተዳደራል» የሚል ይዘት ያለው መልስ ተሰጥቶት ወደ ጓዳ ይመራል። ማለፊያ አማራጭ አለው፤ ስሙ በአማርኛ ሲመለስ «የሲስተሙን ፓኬጆች ስበር» ነው። ከዚህ በላይ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ከየት ይመጣል? ያም ሆኖ መልሱን በቅጡ ሳያነቡ አማራጩን ገልብጠው የሚለጥፉ ሞልተዋል።

ጓዳ እስር ቤት አለመሆኑም ይታወቅ። የሚጠብቀው ከመቀላቀል እንጂ ከተንኮል አይደለም፤ ጓዳ ውስጥ የተጫነ ክፉ ፕሮግራም የባለቤቱን ፋይሎች በሙሉ ማንበብ ይችላል። ወጪም አለው፤ ሦስት ጓዳ አንድን አጋዥ ሦስቴ ያስቀምጣል። ፒፕ ያወረደውን ስለሚያስቀር ዳታው ሁለት ጊዜ ላይበላ ይችላል፤ ዲስኩ ግን ይያዛል።

ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ኔትወርክ ሲደክም ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ጓዳን በፍላሽ ገልብጦ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማሳረፍ አያዋጣም፤ ውስጡ የተጻፉት አድራሻዎች የድሮውን ቤት ነው የሚያውቁት። የሚገለበጠው ዕቃው ነው። ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ፒፕን «አውርድ» ብሎ መሣሪያውን ከነአጋዦቹ ፎልደር ውስጥ ማጠራቀም፣ በፍላሽ መያዝ፣ አሶሳ ሲደርሱ አዲስ ጓዳ ከፍቶ «ከኢንተርኔት ሳይሆን ከዚህ ፎልደር ጫን» ማለት ነው። የሁለቱ ኮምፒውተሮች የፓይተን ቨርዥንና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ካልተመሳሰለ ግን ከወረደው ከፊሉ አልጫንም ሊል ይችላል፤ ከመንገድ በፊት ማጣራት ነው።

ጓዳው ሲበላሽስ? መጠገን አያስፈልግም። ፎልደሩ ይሰረዛል፤ ዕቃው ፍላሹ ላይ ስላለ ሌላ ለመክፈት ቡና እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይፈጅም።