ሌባው ቁልፍ አይሰብርም፣ ቁልፉን ይለምናል

ብዙ ጊዜ ስለ ዓድዋና ስለ ዘመነ መሳፍንት ስጽፍ የምታነቡኝ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ክሪፕቶ ስጽፍ ትገረሙ ይሆናል። ግን ይሄም ታሪክ ነው፤ ያውም ረጅም ታሪክ። ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሁለቱ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩልኝ፦ «ቲቸር፣ ዋሌቴ ባዶ ሆነ። እንዴት አድርገው ሰበሩት?» ለሁለቱም የመለስኩት ያንኑ ነው። አልሰበሩትም። ጠየቁና ተሰጣቸው። ይሄን የምለው ለወቀሳ አይደለም። እነሱ ላይ የደረሰው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረ ሙያ ስለሆነ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳይ ውስጥ ቪዶክ የሚባል ሰው ነበር። መጀመሪያ ወንጀለኛ፣ በኋላ የፓሪስ ፖሊስ መርማሪ የሆነ። በ1828 መታተም በጀመረው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ እስረኞች ስለሚጽፉት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይነግረናል። ደብዳቤው የሚላከው ለሀብታም ነው። ጸሐፊው «የአንድ መኳንንት አሽከር ነበርኩ፤ በአብዮቱ ጊዜ ስንሸሽ ወርቅና ጌጣጌጥ የሞላበት ሳጥን እርስዎ አገር አጠገብ ጥለናል፤ አሁን ታስሬያለሁ፤ ትንሽ ገንዘብ ቢልኩልኝ ቦታውን አሳይዎታለሁ» ይላል። ቪዶክ እንደጻፈው ከመቶ ደብዳቤ ለሃያው መልስ ይመጣ ነበር። ልብ በሉ፣ እስረኛው ከግድግዳው ሳይወጣ፣ ማንም ቤት ሳይገባ ነው ገንዘቡ የሚመጣለት።

እዚህ ላይ አጥማጁ የያዘው መንጠቆ ስስት ነው። ዛሬም «1 ላክ፣ 2 እንመልስልሃለን» የሚለው የዚያ ደብዳቤ ልጅ ነው። በሐምሌ 2020 የኦባማን፣ የቢል ጌትስን፣ የኢሎን ማስክን የትዊተር ገጾች የያዙት ልጆች የጻፉት ይሄንኑ ነበር። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ቢትኮይን ገባላቸው። ወደ ገጾቹ የገቡትም የትዊተር ሠራተኞችን በስልክ አታልለው ነው።

ሁለተኛው መንጠቆ ግን የተለየ ነው፤ ፍርሃት። የተወለደው በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ነው። ያኔ ብዙው ሰው ኢንተርኔት የሚገባው አሜሪካ ኦንላይን በሚባል ኩባንያ በኩል ነበር። ወጣት ሌቦች የኩባንያውን ሠራተኛ መስለው «መለያህ ላይ ችግር አለ፤ ለማረጋገጥ ፓስወርድህን ላክልን» እያሉ መልእክት መላክ ጀመሩ። «ፊሺንግ» የሚለው ቃል በጽሑፍ የተገኘው ከዚያ ዘመን፣ ከ1996 መባቻ ነው። ዓሣ ማጥመድ እንደማለት። ኩባንያው በመጨረሻ «ማንም ሠራተኛችን ፓስወርድ አይጠይቅህም» የሚል ማስጠንቀቂያ በመልእክት መስኮቱ ላይ ለጠፈ። ይሄው እኛም ዛሬ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እየደጋገምን ነው።

እንግዲህ ወደ ክሪፕቶ እንምጣ። በጥቅምት 2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የወጣው ጽሑፍ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ባንክ የሚባል አማላጅ መሃል ሳይገባ ሰው ለሰው ገንዘብ ይላላክ። ጥሩ። ግን ባንኩ ሲወጣ አብሮት የወጣ ነገር አለ፤ «ተሳስቻለሁ፣ መልሱልኝ» የሚባልበት መስኮት። ቢትኮይን ላይ የሄደ ሄደ። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የለም፣ ደንበኛ አገልግሎት የለም።

በ2013 ደግሞ ያንን ረጅም ምስጢራዊ ቁልፍ ሰው በወረቀት እንዲጽፈው ወደ ቃላት የሚቀይር ዘዴ ወጣ። ከ2048 ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ውስጥ 12 ወይም 24 ይመረጡልሃል። በመገመት እነሱን ማግኘት የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ቢረባረብ የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ ሌባው አይገምትም። ይጠይቅሃል። የሚጠይቅህም እዚያ የሌለውን ሰው መስሎ ነው፤ ያንን የጎደለውን ደንበኛ አገልግሎት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? እንደዚያ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ ስታዩት ሌባው ሁልጊዜ የሚለብሰው የጥበቃን ልብስ ነው። በታኅሣሥ 2018 ኤሌክትረም የሚባለው ዋሌት ተጠቃሚዎች ገንዘብ ሊልኩ ሲሉ «አልተሳካም፤ ለደኅንነትዎ አዲሱን ቨርዥን ያውርዱ» የሚል ጽሑፍ ከነሊንኩ ብቅ አለባቸው። የታየው እውነተኛው ዋሌት ውስጥ ነው። ላኪው ግን ሌቦች ያቆሙት ሰርቨር ነበር። በጥቂት ቀናት ከ200 በላይ ቢትኮይን ተወሰደ።

በ2020 ደግሞ ሌጀር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የደንበኞች መዝገብ ወጣበት። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ኢሜይል፣ ከ270 ሺህ በላይ ሰዎች ስም፣ ስልክና የቤት አድራሻ። ልብ በሉ፣ ከዋሌቶቹ አንድም ቁልፍ አልወጣም። ግን በሚቀጥለው ዓመት አንዳንድ ደንበኞች በራቸው ላይ እሽግ ደረሳቸው። ውስጡ አዲስ የሚመስል መሣሪያና «ከመረጃ ስርቆቱ በኋላ ለደኅንነትዎ ወደዚህ ይቀይሩ» የሚል ደብዳቤ። መሣሪያው የተበጀው 24ቱን ቃላት ለመብላት ነበር።

ቀጥሎ ቃላቱን እንኳ መጠየቅ ቀረ። በታኅሣሥ 2021 ባጀር ዳኦ በተባለ ገጽ ላይ ሌቦች ኮድ አስገቡበት። ተጠቃሚው እንደ ወትሮው «አጽድቅ» የሚለውን ሲጫን ያጸደቀው ለሌባው ነው። 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። በግንቦት 2024 ደግሞ አንድ ሰው ከዋሌቱ ታሪክ ላይ አድራሻ ኮፒ አድርጎ ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር ላከ። አድራሻው መጀመሪያውና መጨረሻው ከእውነተኛው ጋር አንድ እንዲሆን ተሠርቶ ታሪኩ ውስጥ አስቀድሞ የተጣለ ነበር። (ሌባው በኋላ አብዛኛውን መለሰ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ግን ብርቅ ነው።) በየካቲት 2025 ባይቢት ከተባለው መገበያያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲወሰድ ፈራሚዎቹ ስክሪናቸው ላይ ያዩት የተለመደ ዝውውር ነበር። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ድርጊቱ የሰሜን ኮሪያ ነው ብሏል። ባለሙያ የሚባሉት እንዲህ ከሆኑ፣ የእኔ ተማሪዎች ምን ያፍራሉ?

ማፈሩ ነው ደግሞ ዋናው ጉዳት። በአገራችን ክሪፕቶ ሕጋዊ መገበያያ ስላልሆነ የተዘረፈ ሰው ፖሊስ ጋ መሄድ ይፈራል፤ ለቤተሰብም አይናገርም። ያ ገንዘብ ለአንዱ የውጭ ትምህርት ማመልከቻ ነበር፣ ለሌላዋ ከአረብ አገር በላብ የመጣ። ዝም ሲሉ ደግሞ ሁለተኛው ሌባ ይመጣል፤ «የጠፋብህን አስመልሳለሁ፣ መጀመሪያ የአገልግሎት ክፈል» የሚል። ቪዶክ ቢያየው ደብዳቤውን ያውቀው ነበር።

እንግዲህ ከታሪኩ የምቀዳው ይሄን ነው፦

12ቱን ቃላት ማንም የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። ዋሌትህን አንተ ራስህ አዲስ ስልክ ላይ ስትመልስ ብቻ ነው የሚጻፉት። በወረቀት ይቀመጡ፤ ፎቶ አይነሱ፣ ቴሌግራም ላይ አይቀመጡ።

ቴሌግራም ላይ ቀድሞ በውስጥ መስመር የጻፈልህ «ሰፖርት» ሌባ ነው። ጨርሰናል።

አፕዴት ከመጣልህ በመልእክቱ ሊንክ አትሂድ፤ ራስህ ወደምታውቀው ገጽ ሂድ።

አድራሻን ሙሉውን አንብብ፤ ከታሪክ ላይ ኮፒ አታድርግ። ብዙ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ልከህ ሞክር።

ያልገባህን አትፈርም። ቁጠባህን የያዘው ዋሌት በየገጹ ከምታገናኘው ዋሌት ይለይ።

«አሁኑኑ» ከተባልክ ስልኩን አስቀምጥና ቡና ጠጣ። ከአሜሪካ ኦንላይን ጀምሮ በየመልእክቱ ያለችው ቃል እሷ ናት።

ቃላቶቻችሁን ሰጥታችሁ ከሆነና ገንዘቡ ገና ካለ፣ አሁኑኑ አዲስ ዋሌት ከፍታችሁ አዛውሩት። ካለቀ ደግሞ ለሰው ተናገሩ። እኔን የነገሩኝ ሁለቱ ልጆች ባይናገሩ ይሄ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር። ክሪፕቶ ለሚነካካ ታናሽ ወንድም፣ ለእህት አድርሱልኝ።