ከአበበ በፊት ብስክሌት ነበረ

አያሃ ያሉ ልጆች የኦሎምፒክ ታሪካችንን ከአበበ ቢቂላ ሲጀምሩ ስለምሰማ ይቺን ልጻፍ።

አገራችን መጀመሪያ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ከሯጮቹ ጋር አራት ብስክሌተኞች ነበሩ፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታ፣ ንጉሤ መንግሥቱ። በጎዳናው ውድድር በቡድን 9ኛ ወጡ። ስማቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ውድድሩን አስመራ ላይ ያስለመዱት ጣሊያኖች ናቸው፤ ለራሳቸው ብቻ አድርገውት ነበር። በ1931 ዓ.ም. ሐበሻ ከነጭ ጋር ይጋልብ ተብሎ ሲፈቀድ ገብረማርያም ገብሩ ሁሉንም ቀደመ። ያውም የዘር ሕጉ በጸናበት ዘመን!

የቆዳ ጫማም የራሱ ታሪክ አለው። ዳርማር የሚባለው የአዲስ አበባ ፋብሪካ በደርግ ዘመን አንበሳ ጫማ ተባለ። ያኔ ጥሩ ጫማ አይጣልም፤ ሶሉ ተቀይሮ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ሁሉም ያወራል፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ መድገሙን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ሐርጌሳ ጫማ ሰፍታችሁ ልጆች የምታሳድጉ ወንድሞች፣ ሥራችሁን ስትጠየቁ ለምን ድምፃችሁን ዝቅ ታደርጋላችሁ? የድሮ ውድድር ያያችሁ አባቶችም የምታስታውሱትን ስም ላኩልኝ፤ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።