የፎቶው ጀርባ



ባለፈው እሁድ ከእናንተ አንዱ እንጦጦ ላይ በማውንቴን ባይክ ሲወርድ የተነሳቸውን ሠላሳ የሚሆኑ ፎቶዎች ለጠፈ። ባሕር ዛፉ፣ አቧራው፣ ከታች የተዘረጋችው አዲስ አበባ... በጣም ደስ ይላል። ከሥሩ የጻፈው ግን «ዊኬንድ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። አብረውት ያሉት እነማን ናቸው? በየት በኩል ነው የወረዱት? ቀኑስ? ምንም የለም። ኮሜንት ልጽፍለት ጀመርኩና ረዘመብኝ፤ ስለዚህ ወደዚህ አመጣሁት። የታሪክ አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም ከማስተማር አይወጣም፤ እስቲ ታገሡኝ።

የማወራችሁ ይኸው ማውንቴን ባይክ የሚባለው የቅዳሜና እሁድ ጨዋታ እንዴት የታሪክ መዝገብ ውስጥ እንደገባ ነው። (ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሳን ፍራንሲስኮ ትልቁን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ማሪን የምትባል አውራጃ አለች። ታማልፓይስ የሚባል ተራራ አላት፤ ከፍታው 780 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦን ለለመደ ሰው ኮረብታ ነው ማለት ይቻላል! ግን ከባሕር አጠገብ ስለሚነሳ ቁልቁለቱ የዋዛ አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የአካባቢው ወጣቶች በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ፣ ጎማቸው ወፍራም የሆነ አሮጌ ሳይክሎችን እየለቀሙ ወደ ተራራው ማውጣት ጀመሩ። አንዱ ሳይክል ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ብዙዎቹ ማርሽ የላቸውም። ስለዚህ ዳገቱን እየገፉ ወይም በፒክአፕ ጭነው ይወጣሉ፤ ከዚያ ቁልቁል መልቀቅ ነው!

ፌርፋክስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ለእሳት አደጋ መኪና የተቀደደ የአፈር መንገድ ነበር። ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። የሳይክሎቹ ፍሬን ደግሞ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዘው ዓይነት ነው። ታች እስኪደርሱ የኋላ ጎማው መሀል ያለው ግሪስ ግሎ ይጨሳል፤ ፈትቶ እንደገና መሙላት ግድ ይሆናል። እንደገና መሙላት በእንግሊዝኛ «ሪፓክ» ነውና የመንገዱም ስም ሪፓክ ሆኖ ቀረ።

«ማነው ፈጣኑ?» የሚለው ክርክር አላልቅ ሲል ኦክቶበር 21 ቀን 1976 የመጀመሪያውን ውድድር አደረጉ። አንድ በአንድ እየተለቀቁ፣ ሰዓት እየተያዘላቸው። ያን ቀን አለን ቦንድስ አሸነፈ። በኋላ ክብረ ወሰኑ የጋሪ ፊሸር ሆነ፦ 4 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ። ጆ ብሪዝ በ2 ሰከንድ ብቻ ተበለጠ። ውድድሩን ያዘጋጅ የነበረው ቻርሊ ኬሊ የሁሉንም ሰዓት በደብተር ይጽፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ብሪዝ በ1977 ለተራራ ተብሎ የታሰበ አዲስ ሳይክል በእጁ ሠራ፤ ዛሬ የአሜሪካ ብሔራዊ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በ1979 ፊሸርና ኬሊ ቶም ሪቺ የሚሠራቸውን ሳይክሎች መሸጥ ጀመሩ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ በፋብሪካ በብዛት አምርቶ ለገበያ አወጣ። በ1996 አትላንታ ላይ ማውንቴን ባይክ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። ከአቧራማው መንገድ እስከ ኦሎምፒክ 20 ዓመት!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። በወፍራም ጎማ ተራራ ላይ የወጡት እነዚህ ብቻ አይደሉም። በብሪታንያ ከ1955 ጀምሮ ከአስፋልት ውጪ የሚጓዙ ሳይክለኞች ማኅበር ነበራቸው። እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ የኩፐርቲኖ ልጆች በ1974 ወፍራም ጎማ ባላቸው ሳይክሎች ላይ ማርሽ ገጥመው ማሪን ድረስ ለውድድር መጥተው ነበር። ታዲያ የማውንቴን ባይክ መነሻ የት ነው ሲባል ሰው ሁሉ ማሪን የሚለው ለምንድነው?

አንዱ ምክንያት ሠርተው መሸጣቸው ነው። ሌላው ግን ማሪኖች የተጻፈ ሰዓት፣ ስምና ፎቶ ስለነበራቸው ነው። ፎቶውን ያነሳችው በአብዛኛው ዌንዲ ክራግ ናት። ከውጭ የመጣች ጋዜጠኛ አልነበረችም፤ ራሷ ሳይክል የምትነዳ የቡድኑ አባል፣ በመካከላቸው ከነበሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ። ዘመኑ የፊልም ነው፤ አንድ ጥቅል ቢበዛ 36 ፎቶ። ያኔ ያነሳችው ጓደኞቿ ጂንስ ለብሰው፣ አቧራ ጠጥተው ሲስቁ ነው። ዛሬ ስለዚያ ዘመን የሚጻፍ መጽሐፍም ሆነ የሚሠራ ፊልም ያለ እሷ ፎቶ አይሆንለትም።

ሌላም ልጨምር። በ1896 በአሜሪካ ጦር የ25ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር 8 ጥቁር ወታደሮች ከሌተናንት ጀምስ ሞስ ጋር ከሞንታና ተነስተው በሳይክል የሎውስቶን ፓርክ ገቡ። በእኛ አቆጣጠር 1888 መሆኑ ነው፤ የካቲት ላይ ዓድዋ፣ ነሐሴ ላይ ይህ ጉዞ! በዓመቱ ደግሞ 20 ወታደሮች ከሞንታና እስከ ሴንት ሉዊስ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል በ41 ቀን ነዱ። ጭቃውን፣ ተራራውን፣ ሙቀቱን አስቡት። ጦሩ ነገሩን ብዙም ሳይቆይ ተወው። የሎውስቶን ላይ ግን ፍራንክ ጄይ ሄይንስ የሚባል የፓርኩ ፎቶ አንሺ በነጩ የፍል ውሃ ድንጋይ ላይ ከነሳይክላቸው ደርድሮ አንስቷቸዋል። ዛሬ ብዙ ሰው ታሪካቸውን የሚጀምረው ከዚያ ፎቶ ነው።

የእኔን ልንገራችሁና ልጨርስ። በእኛ 1970ዎቹ መጨረሻ ባሕር ዳር ሳስተምር፣ እሁድ እሁድ ሳይክል ተከራይተን ወደ ጢስ ዓባይ እንሄድ ነበር። 30 ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ! ጎማ ይፈነዳል፣ ካቴና ይወልቃል፣ በቆሎ ጠብሰን እንበላለን። አንድ ቀን ፏፏቴው ፊት ለፊት ፎቶ ተነሳን። አምስት ነን። ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ባለፈው ዓመት የአንደኛው ልጅ «አባቴን በወጣትነቱ አይቼው አላውቅም» ብላ ደወለችልኝና ፎቶውን አውጥቼ ላክሁላት። አለቀሰች። ከዚያ «ጋሼ፣ አባቴ ትከሻው ላይ እጁን የጣለበት ይሄኛው ማነው?» አለችኝ።

አላስታወስኩም። ፊቱን አውቀዋለሁ፣ ሳቁን አውቀዋለሁ፣ ስሙ ጠፋኝ። ፎቶውን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው። ስንት ዓመት «ማስረጃ፣ ማስረጃ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው አንዲት መስመር መጻፍ አቅቶኝ ነበር።

እናም ልጆቼ፣ ንዱ፣ ውጡ፣ አንሱ። ግን ስትለጥፉ ስም፣ ቦታና ቀን ጨምሩበት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስልክ ይጠፋል፣ ስለዚህ በዓመት አምስት ስድስቱን አሳትማችሁ ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ ጻፉ። ታሪክ ይሆናል አይሆንም የሚለውን እናንተ አታውቁም፤ ዌንዲም ያኔ አታውቅም ነበር።

የጢስ ዓባዩን ፎቶ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ለጥፌዋለሁ። ከግራ ሁለተኛው፣ ባለ ባርኔጣው። ያኔ ባሕር ዳር የነበራችሁ፣ ወይም አባት፣ አጎት ያላችሁ፣ እስቲ አሳዩልኝ። ስሙን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እስክርቢቶው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

መልካም ሳምንት!