መከላከያ

መከላከያ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሠራዊቱ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጨዋታ 4ኛ እትም ግን መከላከያ ማለት አጥቂው በዳይስ ሊደርስበት የሚገባ ቁጥር ነው። አራት ዓይነት ነው፦ ጥሩር፣ የሰውነት ጥንካሬ፣ ቅልጥፍና፣ የመንፈስ ጽናት።

ጭራቆች አብዝተው የሚያነጣጥሩት ጥሩር ላይ ነው፤ ጥርስም ጥፍርም የሚያርፈው እዚያ ነውና። የዘንዶ እሳት ቅልጥፍናን፣ መርዝ የሰውነት ጥንካሬን፣ ግርማው የሚለቀው ፍርሃት ደግሞ የመንፈስ ጽናትን ይፈትናል።

ጥሩሩ 18 የሆነ ተዋጊ እንውሰድ። በዳይሱ ውጤት ላይ 7 የሚደመርለት ጭራቅ እሱን ለመምታት ዳይሱ ላይ ቢያንስ 11 ሊወጣለት ይገባል። የተዋጊው የመንፈስ ጽናት 12 ከሆነ ግን 5 ይበቃዋል። ስለዚህ ጥሩሩን አጠንክሩ፣ ሌሎቹን ሦስቱንም አትዘንጉ፤ በእነሱ በኩል የሚገባ ጥቃት ብዙ ጊዜ ከማቁሰል አልፎ ያደነዝዛል፣ ያሽመደምዳል።