ፋሻ፦ ስለ ቃሉ አመጣጥና አገባብ

ቁስል የሚታከምበትን ጨርቅ ሁሉ በአማርኛ ፋሻ ማለት ተለምዷል። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። በጣሊያንኛው አጻጻፍ ከመጨረሻው አናባቢ በፊት የምትገባው «ኢ» ስለማትነበብ፣ አነጋገሩ ልክ እንደ እኛው ነው፤ ከዚህም ቃሉ በዓይን ሳይሆን በጆሮ መግባቱን እንረዳለን። በመጻሕፍት በኩል የመጣውና ጡንቻን የሚሸፍነውን ስስ አካል የሚሰይመው ወንድሙ ግን ፋሺያ ተብሎ ቀርቷል። ፋሺስት የሚለው ስምም «እስር፣ ነዶ» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን፣ የሥርወ ቃል ሊቃውንት ከፋሻ ጋር ያዛምዱታል። ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር ተይዛ ለቆየችው ጎንደር ይህ ዝምድና መራራ ነው።

የአገሩ አማርኛ ከዚያ በፊት ቃል አልቸገረውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የሳምራዊው ሥራ በአማርኛው ትርጉም «አሰረ» በሚለው ግስ ተነግሯል። ይሁን እንጂ ግሱ ድርጊቱን እንጂ ጨርቁን አይሰይምም። ጠመጠመ ካለው የወጣው ጥምጣም ወደ ካህናቱ ራስ ወጣ። በዐረብኛ ለቁስል ስስ ጨርቅም የሚያገለግለው ሻሽ በእኛ ዘንድ የራስ ማሰሪያ ሆኖ ቀረ። ፋሻ የገባው በዚህ ክፍት ቦታ ነው።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበረ፣ «ድሬሲንግ» እና «ባንዴጅ» የሚሉ ሁለት ስሞች ተጨመሩ። የመጀመሪያው ቁስሉን የሚነካው ነው፤ ሁለተኛው ያንን ደግፎ የሚይዘው። በአራዳ መድኃኒት ቤትም ሆነ በዳባት ገጠር ሁለቱም ፋሻ ናቸው። እንግዲህ «ፋሻውን ቀይር» የተባለ ሕመምተኛ የላዩን ጥቅል ለውጦ፣ መግል የጠጣውን የውስጡን እንደ ተጣበቀ ቢተወው ትእዛዙን አፈረሰ ሊባል አይችልም። ጉድለቱ የቃሉ ነው።

ለውስጠኛው «የቁስል ልባስ» ቢባል የሚመርጡ ይኖራሉ። እኛ አንደግፈውም። የእንግሊዝኛው ቃል በዚህ አገባቡ ማልበስን ሳይሆን ማዘጋጀትን፣ ማስተካከልን የሚያመለክት ነውና፤ ልባስ ማለት የባዕዱን ቃል በሌላ ፍቹ መተርጐም ይሆናል። «የቁስል ሽፋን» ግን ባላገሩም ሐኪሙም ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡበት ነው። ፋሻም ከሰባ ዓመት በላይ ከሕዝቡ አፍ ያልወጣ ቃል ስለሆነ ሊሰደድ አይገባም፤ በመዝገበ ቃላት ግን ፍቹ ይጥበብ፦ «ፋሻ፣ የቁስል ሽፋን ወይም የተጐዳ አካል የሚጠመጠምበት ረጅም ስስ ጨርቅ»። በሕመምተኛው ካርድ ላይም «ፋሻውን ፈትተህ ሽፋኑን ለውጥ» ተብሎ ይጻፍ።